ያሳጠርኩት ንግግር

አቃቂ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለችው ትንሽ መስጊድ ግቢ ውስጥ፣ ከስግደት በፊት የምንታጠብባቸው ስድስት ቧንቧዎች ነበሩ። ማን እንደሠራቸው ዛሬ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ አውቃለሁ፤ ቱቦውን በትከሻዬ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የሠራቸው ሰው ልጁን እዚያው መስጊድ መቃብር ውስጥ እንዳይቀብር ያደረግኩትም እኔው ነኝ። የቧንቧዎቹ ነገር ሲነሳ የመጀመሪያውን እያወራሁ፣ ሁለተኛውን እየዋጥኩ እዚህ ደርሻለሁ። አሁን ዕድሜዬ ገፍቷል፣ የምፈራቸው ሰዎችም ሁሉም አፈር ሆነዋል። ከእንግዲህ ብዋሽ የምዋሸው ለራሴ ብቻ ነው።

ጊዜው የጃንሆይ ነው፤ አቃቂ ላይ ፋብሪካ እንደ አሸን የፈላበት ጊዜ። ጠዋት ፊሽካው ሲጮህ ከሳሪስ በኩልም ከወንዙ ማዶም ሰው በእግሩ ይጎርፋል። ገሚሱ ገና ከገጠር መምጣቱ ስለሆነ ሞተር ሲነሳ ጆሮውን ይይዛል። እኔ ግን የአቃቂ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ከስልጤ አገር መጥቶ ገበያው ዳር አቡጀዲ፣ ጨውና ላምባ የሚሸጥባት አንዲት ሱቅ ነበረችው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ያኔ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ነበር የሚሄደው፤ እኔም ኮት ከየትም ተበድሬ እንደዚያው አደርግ ነበር። እንግሊዝኛው ከሌሎቹ ይሻላል ተብዬ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሽመና ክፍል የህንዱ መካኒክ ረዳትና አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርኩ።

ህንዱ እላለሁ እንጂ አገሩ ከህንድ ተከፍሎ ሌላ ስም ከያዘ ቆይቶ ነበር። ለእኛ ሁሉም ህንድ ነው። ስሙን መጥራት ስላቃተን ማስተር እንለው ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ እርሳስ ከጆሮው የማይለይ፣ ሲቆጣ እንኳ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። አንዱ ማሽን ሲታመምበት የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ ከዚያ በጣቱ ሕመሙ ያለበትን ቦታ ያሳየኛል። አንድም ቀን ሲሳሳት አላየሁም።

መጀመሪያ ያስተማርኩት አማርኛ "ይሆናል" እና "አይሆንም" ነው። በእነዚህ ሁለት ቃላት ነበር ሠራተኛውን ሁሉ የሚያዘው። የተበላሸ ማርሽ ሳሳየው "አይሆንም" ይላል፤ አስተካክዬ ስመልሰው "ይሆናል" ይላል። ሸማኔዎቹ ከኋላው ሆነው ድምፁን እያስመሰሉ ይስቁ ነበር። ከዚያ ለሚበልጠው ንግግር ደግሞ እኔ አለሁለት።

ሙስሊም መሆኑ ኩራታችን ነበር። ከፈረንጅ ሥራ አስኪያጅ ጋር ተከራክሮ የሚረታ፣ ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ሙስሊም ከዚያ በፊት አይተን አናውቅም። አርብ አርብ መስጊድ ይመጣል። ሁልጊዜ ግን ዘግይቶ ነው። ሰዉ ከመስጊዱ ሼክ ኋላ ተሰልፎ ሰግዶ ሲጨርስ፣ እሱ ጥግ ይዞ ለብቻው ይሰግዳል። "ማሽኑ አልለቅ ብሎት ነው" እያለ ሰዉ ያዝንለት ነበር።

ሼኩ ከአባቴ አገር የመጡ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። መስጊዱን ያሰግዳሉ፣ ሕፃናትን ቁርአን ያስቀራሉ፣ የሙስሊሙ መረዳጃ እድርም ዳኛ ነበሩ። ያን ጊዜ የመስጊዱ ውኃ ከወንዝ በአህያ እየመጣ በርሜል ውስጥ ይጠራቀም ነበር፤ በክረምት ጭቃ ነው። ማስተር አንድ ቀን በርሜሉን ዘንበል አድርጎ አየና "አይሆንም" አለ። ፋብሪካው የጣለውን ቱቦ እንዲወስድ፣ ውኃም ከፋብሪካው መስመር እንዲስብ ሥራ አስኪያጁን አስፈቀደ። ስድስት እሁድ ሙሉ ቱታውን ለብሶ ቆፈረ፣ ቆረጠ፣ ጥርስ አወጣ፣ ገጠመ። እኔ ቱቦ ተሸካሚው ነኝ። ሲያልቅ ሼኩ የመጀመሪያውን ቧንቧ በእጃቸው ከፈቱና ውኃው ሲፈስ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "እጅህን ይባርከው በለው" አሉኝ። ነገርኩት። ያን ጊዜ አንድም ቃል ሳልቀንስ ነበር የምተረጉመው።

እሁድ ሥራው ሲያልቅ ቤቱ ይዞኝ ይሄዳል። ሚስቱ ሩዝና ምስር ታቀርብልናለች። ሦስት ዓመት ያልሞላት አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ እኔን "ባይጃን" ትለኛለች፣ በቋንቋቸው ወንድም ጋሼ እንደማለት ነው። ትከሻዬ ላይ አስቀምጬ ባቡሩ ሲያልፍ ለማየት ሐዲዱ ድረስ እወስዳታለሁ። ፉርጎዎቹን በራሷ ቋንቋ ትቆጥራለች፤ ከአምስት በላይ ስለማታውቅ አምስት ላይ ትደርስና እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። ስትሳሳት ፀጉሬን ትነጫለች፣ የተሳሳትኩት እኔ ይመስል።

ለምን ለብቻው እንደሚሰግድ የነገረኝ በዚያው ቤት ነው። ማህዲ የምንለው በዘመን መጨረሻ መጥቶ ዓለምን ያስተካክላል ተብሎ የሚጠበቀው ሰው ነው። ሁላችንም እንጠብቀው ነበር፤ እንዴት እንደሚመጣ ሁሉም የየራሱ ወሬ አለው። ማስተር ግን ጠባቂ አልነበረም። መጥቷል ይላል። በአያቱ ዘመን በእነሱ አገር ተነሥቶ፣ አስተምሮ፣ ጽፎ፣ ሞቷል። አባቱ ተቀብሎታል፣ እሱም ከአባቱ ተቀብሏል። ሰይፍ አልያዘም፣ የያዘው ብዕር ነው። እሱን የተቀበለ ሰው ደግሞ፣ እሱን ካልተቀበለ ኢማም ኋላ ቆሞ ላለመስገድ ቃል ገብቷል።

"ምልክቱስ?" አልኩት።

በእጁ ወደ ሐዲዱ አሳየኝ። ግመል የሚተውበት ዘመን ይመጣል ሲባል አልሰማህም ወይ አለኝ። ባቡሩ ከመጣ ወዲህ በአቃቂ ስንት የግመል ነጋዴ ሲያልፍ አየህ? ጽሑፍ በዓለም የሚበተንበት ዘመን ይመጣል ሲባልስ አልሰማህም? ማተሚያ ቤቱስ ምንድነው? ይህን ሲል ድምፁ ያው የማሽን ሕመም የሚያሳይበት ድምፅ ነው። እኔን የማረከኝ ሃይማኖቱ ነው ብዬ ብናገር ውሸት ነው። ልቤ ያበጠው በሌላ ነገር ነው፤ ሰው ሁሉ የዘመን መበላሸት የሚለው ነገር፣ ፊሽካው፣ ሞተሩ፣ ቱታዬ፣ ስምንተኛ ክፍሌ ሳይቀር፣ ለካስ ተስፋ የተጣለበት ነገር ነው። እኔ የምሠራው ግራሶ የተቀባ ሥራ ከሰማይ የተነገረለት ሆኖ አረፈው። አምኜ ነበር? አላውቅም። መጽሐፎቹን ግን ተውሼ አነብ ነበር፣ በብብቴ ሸሽጌ።

ሸሽጌ ያልኩት አባቴን ፈርቼ ነው። አባቴ ማህዲ የሚለው ስም ቤቱ ውስጥ እንዲነሳ አይፈልግም። እሱ ወጣት ሳለ በአገሩ አንድ ሰው ተነሥቶ "ደርሷል፣ ዘንድሮ ይገለጣል፣ የፈረንጅ ብረት ሁሉ እንደ ጥጥ ይለሰልሳል፣ ባቡሩም ባለበት ይቆማል" እያለ በየገበያው ዞረ። ሰዉ አመነው። አባቴ በሬውን አርዶ ለሰደቃ አበላ። ከእንግዲህ ማረስ ለምን ያስፈልጋል ተብሎ ያ ክረምት ሳይታረስ አለፈ። የመጣው ረሃብ ነው። አባቴ አንድ ታናሽ ወንድሙን ቀብሮ በእግሩ አቃቂ ገባና ጣቢያው ላይ ተሸካሚ ሆነ። "ይቆማል የተባለውን ባቡር ዕቃ አራግፌ ነው ያሳደግኩህ" ይለኝ ነበር፣ አንዳንዴ እየሳቀ፣ ብዙ ጊዜ ግን ሳይስቅ። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው አፌን የከፈትኩት።

የመውሊድ ዕለት ነው። ግቢው በሰው ሞልቷል፤ ሥጋ ተበልቷል፣ ጫት ቀርቧል፣ ዱዓው ተደርጎ ሰዉ ረጋ ብሎ ተቀምጧል። ማስተር አልነበረም፤ መውሊድ አያከብርም። ሼኩ ስለ ዘመን መጨረሻ ምልክቶች እያወሩ ነው፣ ሽማግሌው ሁሉ "አጂብ" እያለ ይደነቃል። እኔም የፋብሪካ ቱታዬን ለብሼ መካከል ላይ ተቀምጫለሁ። እዚያ ካለው ሰው ሁሉ ይበልጥ የማውቅ መስሎኛል። እኔ የማውቀውን እንዲያውቁልኝ ብቻ ነበር የፈለግኩት፤ ሌላ ምንም ምክንያት የለኝም።

"ሼኬ" አልኩ፣ "ምልክቱ አልፎ፣ ሰውየውም መጥቶ፣ አስተምሮ፣ ሞቶ ቢሆንስ? እኛ ሳንሰማ ቀርተን?"

ሼኩ የያዙትን ቅጠል መልሰው አስቀመጡ።

"ማን ነው ልጄ ይህን የነገረህ?" አሉኝ። ቁጣ የለበትም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው።

አላውቅም፣ መጽሐፍ ላይ አየሁ፣ እንዲያው ሐሳብ ነው፤ ማለት የምችለው ነገር ብዙ ነበር። አባቴን አየሁት። አንገቱን ደፍቷል። "ማስተር ነው" አልኩ። ይህን ለማለት አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀብኝም። ከዚያም ማንም ሳይጠይቀኝ "ለዚህ እኮ ነው ከእርስዎ ኋላ የማይሰግደው" ብዬ ጨመርኩበት። ለምን ጨመርኩ? ጥፋቱን ሁሉ ወደ እሱ ገፍቼ እኔ ነፃ የምወጣ መስሎኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታው ቀዘቀዘበት። አርብ ሲመጣ ሰዉ ዘወር ይልበታል። በእሱ ቧንቧ መታጠቡን ግን ማንም አልተወም፣ እኔም ጭምር። እኔንም አላመኑኝም። አባቴ ሳሪስ አንድ ቤት ለእኔ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ነገሩ ደህና እየሄደ ሳለ "ልጁ ህንድ ሆኗል ይባላል፣ መጀመሪያ ይጣራ" የሚል መልስ መጣ። አባቴ ሦስት ቀን አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን መጽሐፎቹን መለስኩ፤ እሁድ እሁድ ወደ ማስተር ቤት መሄዱንም ተውኩ። ማስተር ምንም አልጠየቀኝም። ልጅቷ ግን ምሳ ሰዓት ከእናቷ ጋር ፋብሪካው በር ላይ ስትመጣ እጇን ዘርግታ "ባይጃን" ትላለች፤ እኔ ሥራ የያዝኩ መስዬ ወደ ውስጥ እገባለሁ። ይህንንም እዚህ ላይ መጻፍ አለብኝ።

ሐምሌ ላይ ኩፍኝ ገባ። አቃቂ ላይ ስንቱን ሕፃን እንደወሰደ አላውቅም፣ የእሷን ብቻ ነው የማውቀው። ማክሰኞ ጠዋት ማስተር ሥራ አልገባም። ያ ሰው ቀርቶ ስለማያውቅ ገና ሳይነገረኝ ነገሩን ጠረጠርኩ።

በእኛ ሥርዓት ሟች በዕለቱ ነው የሚቀበረው። ወደ ከተማው መቃብር እንዳይወስዳት ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ወንዙን ሞልቶት ድልድዩ መኪና አላሳልፍ ብሏል። በአቃቂ ደግሞ የሙስሊም መቃብር የእድሩ ነው፤ ያለ ሼኩ ቃል አንድ አካፋ አፈር አይነሳበትም። ማስተር ከቀትሩ የዙሁር ስግደት በኋላ መስጊድ መጣ። ሼኩ ሦስት ሽማግሌዎች ይዘው ከቧንቧዎቹ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ አንዱ አባቴ ነው። እኔ ከፋብሪካ ተጠርቼ መካከላቸው ቆምኩ። ማስተር የትናንት ቱታውን እንደለበሰ ነው። ጺሙን አልተላጨም። እርሳሱ ጆሮው ላይ የለም።

ሼኩን ክፉ ሰው አድርጌ መሳል ይቀለኝ ነበር። ግን አልነበሩም። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች "ምን ያነጋግረናል፣ ይሂድ" ሲሉ እሳቸው ናቸው እንቢ ያሉት። መውጫ መንገድ ሲፈልጉ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

"ንገረው" አሉኝ። "አላህ ያጽናህ በለው። ሕፃን ኃጢአት የለባትም። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሰው ዓይኑን በእኔ ላይ ጥሏል። ሁለት ነገር ያድርግልኝ። አንደኛ፣ ዛሬ በልጁ ጀናዛ፣ በሬሳዋ ስግደት ላይ ከኋላዬ ተሰልፎ ይስገድ። ሁለተኛ፣ ያ መጣ የሚለው ሰው ውሸታም ነው ብሎ በዚህ ሰው ፊት ይናገር። ይህን ካደረገ እኔው ራሴ እሸከማታለሁ።"

ተረጎምኩለት። በደንብ ተረጎምኩ፣ ምንም ሳላጎድል።

ማስተር መናገር ጀመረ። ረጅም ተናገረ። ዓይኑ ሼኩ ላይ ነው፤ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ለእኔ አልነበረም የሚናገረው። ሁለት ጊዜ ድምፁ ተቆርጦበት ቆሞ እንደገና ቀጠለ። አንዴ እጁን ዘርግቶ እኔን አሳየ። አንዴ ደግሞ እጆቹን በደረቱ ልክ አራርቆ አንድ ትንሽ ልክ አሳየ። ሽማግሌዎቹ ምንም ሳይገባቸው ያዩት ነበር። ሲጨርስ ሁሉም ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

የሳሪስ ሰዎች መልስ ትዝ አለኝ። የአባቴ ዓይን ጉልበቴ ላይ ነበር። ያን ሁሉ ቃል፣ እሱ እንደተናገረው አድርጌ በአማርኛ ባወጣው ከአፌ የሚወጣው የእኔ ልመና ይመስላል። "ይኸው፣ ጥሩ ጠበቃ አገኘ" የሚሉኝ መሰለኝ።

"አይሆንም ብሏል" አልኩ።

ሼኩ ቅንድባቸውን አነሱ። "ይህን ሁሉ ተናግሮ?"

አሁን ሳስበው አላህ በሼኩ አፍ ሁለተኛ በር ከፍቶልኝ ነበር። አልገባሁበትም።

"ስለ ሃይማኖቱ ነው የተናገረው" አልኩ። "ዞሮ ዞሮ አይሆንም ነው።"

ማስተር ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ያኔ ነው የገባኝ። "አይሆንም" በዚህ አገር ከሁሉም ቀድሞ ያወቀው፣ በቀን መቶ ጊዜ የሚለው፣ እኔ ራሴ በጣቴ ብረት እያሳየሁ ያስተማርኩት ቃል ነው። አየኝ። በዚያች በተሰባበረች አማርኛው "ውሸት" ሊል ይችል ነበር፤ ቃሉንም ያውቀዋል። እሱ ግን ለሼኩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ዝቅ አደረገ። ሲወጣ ከቧንቧዎቹ አንዱ ጠብ ጠብ ይል ነበር፤ ቆም ብሎ አጠበቀውና ሄደ።

አባቴ ለእናቴ ምሳ ላይ ነገራት። እኔ አልነበርኩም፣ ወደ ማሽኑ ተመልሻለሁ። እናቴ ተነሥታ ሱቁ ውስጥ ገባችና ከጣቃው ላይ አቡጀዲ ቀደደች፤ የእኛው ፋብሪካ የሸመነው፣ ምናልባትም በእሱ እጅ የተጠገነ ማሽን ያወጣው አቡጀዲ ነው። አባቴ "የት ነው?" ቢላት "አንተ ማህዲህን ስትጠብቅ በረሃብ የሞተውን ወንድምህን ማን አጠበው?" አለችው። ሄዳ ከእናትየዋ ጋር ሕፃኗን አጥባ ከፈነቻት። በቋንቋ አልተግባቡም። ተግባብተዋል ግን።

መቃብሩን የቆፈሩት ብረት የሚቀረጽበት የቶርኖ ክፍል ሠራተኛና ሁለት የፋብሪካው ዘበኞች ናቸው፤ ሦስቱም ክርስቲያኖች። ቦታው ከሐዲዱ በላይ ባሕር ዛፎቹ ሥር ነው፤ ባቡሩን እናይ የነበረበት አካባቢ። ማስተር ብቻውን ቆሞ ሰገደባት። ከኋላው የተሰለፈ አንድም ወንድ የለም። ሦስቱ ሰዎች ኮፍያቸውን አውልቀው ዝናቡ ላይ ቆሙ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እናቴ ናት። በዚያ ሰዓት እኔ ማሽን ላይ ነበርኩ፤ ድሩ እየተበጠሰ አስቸገረኝ።

እናቴ እግሯን ጭቃ እንደነካው በር ላይ ቆማ "ረጅም ተናገረ ብሎኛል አባትህ። ምንድነው ያለው?" አለችኝ።

"ስለ ሃይማኖቱ ነው" አልኳት።

ትንሽ አየችኝና እግሯን ልትታጠብ ሄደች። ከዚያ በኋላ ጠይቃኝ አታውቅም።

ማስተር የውሉን ጊዜ እስኪጨርስ ሰባት ወር ያህል አብሮኝ ሠራ። የሚጮኽብኝ መስሎኝ ነበር። አልጮኸም። የሚያባርረኝ መስሎኝ ነበር፤ ጭራሽ ሲሄድ "በእኔ ቦታ እሱን ፎርማን አድርጉት" ብሎ ጽፎ ፈረመልኝ፣ በእሱ ፊርማ ነው ትዳር የያዝኩት፣ ልጅ ያሳደግኩት። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። ከዚያች ማክሰኞ ወዲህ በእንግሊዝኛ አናግሮኝ አያውቅም። በየቀኑ ከቶርኖ ሠራተኛው አማርኛ እየተማረ፣ እየተኮላተፈም ቢሆን፣ የሚፈልገውን ሁሉ ራሱ ለሰዉ ይናገር ነበር። አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ጣቢያው ድረስ ሻንጣ ተሸክሜ ሸኘሁት። ባቡሩ ሲነሳ ሚስቱ ወደ ባሕር ዛፎቹ በኩል ባለው መስኮት ተቀምጣ ነበር።

ልናገር የፈለግኩበት ጊዜ ነበር። ሼኩ ሲታመሙ ሄጄ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ፤ እጄን ይዘው "አንተ ልጅ፣ ከዚያ ነገር መመለስህ ደስ ይለኛል" አሉኝ፣ እኔም እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። አባቴ ደግሞ ካረጀ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ በር ላይ ፀሐይ እየሞቅን፣ "ያ ህንድ" አለ። "ትንሽ እሺ ቢል ኖሮ፣ ግማሹን እንኳ እሺ ቢል፣ እኔ ራሴ እቆፍርላት ነበር። ወንድሜን ሳስብ እሷ ትመጣብኛለች። ለምን ይሆን እንደዚያ የደረቀው?" እኔ ያን ጊዜ የአምሳ ዓመት ሰው ነኝ። ፀሐይዋን ሸሽቼ ወንበሬን ወደ ጥላው ሳብኩ። አባቴ ያን ሰው ደረቅ ብሎ እንዳመነ ሞተ።

አሁን የሚሰማኝ ሽማግሌ የለም። ቢሆንም ሥራዬ መተርጎም ነበርና፣ ያን ቀን የተናገረውን ሳልቀንስ ላውጣው። እንዲህ ነበር ያለው።

"ለሼኩ ንገርልኝ። ልጄ ሦስት ዓመት አልሞላትም፣ ማንን እንደምትከተል አልመረጠችም። ከኋላዎ እንድቆም ጠይቀውኛል፤ እቆማለሁ። እስከ ዛሬ ያልቆምኩት ንቄዎት አይደለም፣ ቃል ስላለብኝ ነው። ዛሬ ስለ እሷ ቃሌን አፈርሳለሁ፣ ፈራጁ አላህ ነው። ሁለተኛውን ግን ይተዉልኝ። አባቴ ያመነውን ሰው በልጄ ሬሳ ላይ ቆሜ ውሸታም ብዬ ብጠራው፣ ልቤ የማይለውን ነው የምለው፤ እርስዎም እንዲህ ያለ ሰው ከኋላዎ እንዲቆም አይፈልጉም። ይህም ካልሆነ ማንም አይምጣ፣ ቦታውን ብቻ ይስጡኝ፣ እኔው እቆፍራለሁ። ይህችን የምታህል ቦታ ትበቃታለች። አምላካችን አንድ፣ ነቢያችን አንድ፣ የምንዞርበት አቅጣጫ አንድ ነው። እኔ ቋንቋችሁን ስለማላውቅ እንዴት እንደምንኖር ልነግራችሁ አልችልም። ይህ ልጅ ግን ቤቴ ገብቶ በልቷል፣ ልጄም ወንድሜ ትለዋለች። እሱን ጠይቁት፣ እሱ ይነግራችኋል።"

ጠየቁኝ። እኔም አይሆንም ብሏል አልኳቸው።